ረቂቁ ለሚ የመጣ ጊዜ

ለሚን የሚያውቃት ብዙ አይደለም፤ የሚያልፍባት ግን ብዙ ነው። ከሙከጡሪ ተነስቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ የጀማ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ወርዶ እግሩን ያፍታታባታል፣ ሻይ ይጠጣባታል፤ ሹፌሩም ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ አማትቦ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ያበቃል፤ ቀሪው ገደል ነው። እኔ ያደግሁት በዚህ ጫፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሳው ንፋስ ሞቅ ይላል፤ የደረቀ ሣርና የፍየል ጠረን ይዞ ይመጣል። ሲመሽ የደጋው ብርድ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ከየቤቱ የሚወጣው የባሕር ዛፍ ጢስ ብቻ ይቀራል። ከለሚ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ከተማ ኖሬያለሁ፤ ይህን ሽታ ግን የትም አላገኘሁትም።

ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ወረቀት ነው። ሕግ ነው፤ ያውም ገና ያልጸደቀ፣ ረቂቅ። ረቂቅ አዋጅ ደግሞ ምን ትዝታ አለው ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ አለው። ሰው ስለ ገዛ ከተማው «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ያየሁት በእሱ ምክንያት ነው።

ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነው፣ ወደ ክረምቱ መግቢያ። አገሪቱን ድርቅ የመታበት ዓመት ነበር፤ ሬዲዮኑ ጧትም ማታም ስለ እርዳታ እህል ያወራል፣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ታይፕ ተምሬ የተመለስኩ ልጅ ነበርኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ታይፒስት፣ መዝገብ ቤትና ቃለ ጉባኤ ያዥ ይፈልግ ነበር፤ ለሦስት ሰው የሚሆን በጀት ስላልነበረው ሦስቱንም ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታ፣ ነጠላዬን አስተካክላ «መንግሥት ቤት ነው፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ብላ ሰደደችኝ።

ማዘጋጃ ቤት ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳታስቡ። ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው፤ ፊት ለፊቱ የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ አለ፣ ውስጡ የካርቦን ወረቀት፣ የማኅተም ቀለምና የእርጥብ ጭቃ ሽታ አለ። ታይፑ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ «ሸ»ን ስትመታት ሁልጊዜ ከመስመሩ ከፍ ትላለች። ከግድግዳው ወዲያ ሒሳብ ክፍሉ ነው፤ ከሁሉም ክፍል የምወደው እሱን ነበር። በገበያ ቀን አመሻሽ ላይ የኮቴ ሰብሳቢው ከከብት ተራ ይመለሳል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ መረሬ ለብሷል፣ የጨርቅ ቦርሳው በሳንቲምና በተጨማደደ አንድ ብር ተሞልቷል። ብሩ የበሬ፣ የቅቤ፣ የበርበሬ ሽታ አለው። ገንዘብ ያዧ እየቆጠረች በሞዴል 64 ደረሰኝ ትቆርጣለች፤ አለቃዬ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ይህ የመንገዱ ጠጠር ነው። ይህ የምንጩ ቧንቧ ነው።» ከተማዋ የነበራት ገቢ ይኸው ነበር፤ ኮቴ፣ የመደብ ኪራይ፣ የቦታና የቤት ግብር፣ የቄራ ክፍያ። ከዚያ ላይ ነው ጥበቃውም፣ እኔም፣ የሌሊት ዘበኛው ባትሪ ድንጋይም የሚከፈለው።

እንሳሮ በዚያን ጊዜ ራሱን የቻለ ወረዳ አልነበረም፤ ከሲያደብርና ዋዩ ጋር ተዳብሎ ነበር፣ የወረዳው መቀመጫም ደነባ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ወረቀት ከደብረ ብርሃን ደነባ፣ ከደነባ ለሚ ነው የሚመጣው። ያን ቀን የመጣው ፖስታ ወፍራም ነበር። አለቃዬ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት፤ ሲወድቅ የሚሰበር ዕቃ የሚያስቀምጡ ይመስል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይህን በስቴንስል ጻፊው። ስትጽፊ ግን እያነበብሽ ጻፊ» አሉኝ።

እያነበብኩ ጻፍኩት። የአማራ ክልል የከተሞች ማቋቋሚያ፣ ማደራጃና ሥልጣን መወሰኛ ረቂቅ አዋጅ ነበር፤ በኋላ 91/1996 ተብሎ የወጣው። ክልሉ በ1994 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ነበር፣ ቀጥሎ የከተሞቹ ተራ መጣ። ከተማ በደረጃ ይከፈላል ይላል፤ የከተማ አስተዳደር የሚባል አለ፣ መሪ ማዘጋጃ ቤት የሚባል አለ፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ከሁሉም በታች ታዳጊ ከተማ አለ። የከተማ አስተዳደር የሆነው ምክር ቤትና ከንቲባ ይኖረዋል። ሌላው ተጠሪነቱ በላዩ ላለው አካል ነው። የመንግሥት ሥራ የቱ ነው፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ የቱ ነው፣ ገቢውን ማን ይሰበስባል፣ ማን ያዝበታል፤ አንቀጽ በአንቀጽ ተዘርዝሯል። የስቴንስሉ ማረሚያ ቀለም አናት ላይ የሚወጣ ሽታ አለው። እስከ ማታ እሱን እያሸተትኩ ስጽፍ ቆይቼ ቤቴ ስገባ እናቴ «ምን ጠጥተሽ ነው?» አለችኝ።

ውይይቱ የተጠራው በገበያ ማግስት ነው፤ ሰው ከድካሙ ተርፎ ልቡ ክፍት ይሆናል ብለው ነው አለቃዬ ያን ቀን የመረጡት። አዳራሹ ውስጥ ከትምህርት ቤት በውሰት የመጡ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከዞን የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እኔ ከጎኑ ባለመስመር ደብተር ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ሲገባ ኮፍያውን እያወለቀ፣ ነጠላውን እያጣፋ ነው፤ ለቅሶ ቤት ወይም ችሎት የሚገባ ነበር የሚመስለው። ለሚ እስከዚያ ድረስ ስትጠራ ለመዋጮ ነው፣ ወይም ለስብሰባ ነው፤ ስብሰባውም መመሪያ ለመስማት ነው። ባለሙያው «ይህ ገና ሕግ አይደለም፣ የእናንተን አስተያየት ልንወስድ ነው የመጣነው» ሲል ከኋላ አንድ ሰው ጮክ ብሎ «እኛን?» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ቃለ ጉባኤው ላይ አልገባም፤ እኔ ግን ያቺን ቃል ከነድምፅዋ ይዣታለሁ።

መጀመሪያ የተነሱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሹን አዳራሽ ፊደል ያስቆጠሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ፣ እንደ ልማዳቸው። በ1937 ጃንሆይ የማዘጋጃ ቤቶችን አዋጅ ሲያወጡ ከንቲባ የተፈቀደላቸው አዲስ አበባና ጎንደር ብቻ ነበሩ አሉ፤ ሌላው ከተማ ሹም ነው የተላከለት፤ በጉባኤው የሚቀመጡትም የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ናቸው። «ጭሰኛና ተከራይ ከተማ ውስጥ ይኖራል፣ ስለ ከተማው ግን አይናገርም ነበር።» ቀጥሎ 1967 መጣ። ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ወደ ቀበሌ ሄደ። ይህን ሲሉ ሁለት ሦስት ሰው ወደ መሬት አቀረቀረ፤ ማን ቤት እንደተወሰደ፣ ማን እንደገባበት በትንሽ ከተማ የማያውቅ የለምና። መምህሩም አዩ መሰለኝ ድምፃቸውን አለዘቡ። «አሁን ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ላይ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ይላል። እኔ ዛሬ የምጠይቀው አንድ ነው። በቂው ስንት ነው? ለሚ ድረስ የሚደርስ ነው ወይስ መንገድ ላይ የሚያልቅ?»

ባለሙያው ጻፈ። እኔም ጻፍኩ። ከዚያ ቆዳ ነጋዴው ተነሳ፤ የእሱ ነገር ክብር ነው። ለሚ ስንት ዓመት ገበያ ናት፣ የቆላው ፍየልና የደጋው ጤፍ የሚገናኘው እዚሁ ነው፣ ታዲያ ለምን ከታች ትሰለፋለች አለ። ከተማ አስተዳደር እንሁን፣ ከንቲባ ይኑረን። ገሚሱ አጨበጨበ። ሌላው ነጋዴ ደረጃው ከፍ ሲል ግብሩም አብሮ ከፍ እንደሚል አስታወሰው፤ ሁለቱ እንደ ወትሮው ተያያዙ። ይህ ክርክር ረጅም ነበር፤ ብዙም የሚነገር የለውም።

ከወገቧ ጎንበስ ብላ የተነሳችውን ሴት ግን ልንገራችሁ። እማማ እንላታለን ሁላችን፤ ጠላ ትጠምቃለች፣ በገበያ ቀን መደብ ላይ ትሸጣለች። እጇ ሁልጊዜ ጌሾ ጌሾ ይሸታል፤ ሕፃን ሳለሁ ጉንጬን ስትነካኝ ሽታው እስከ ማታ ፊቴ ላይ ይቆይ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያነበብክልንን ግማሹን አልያዝኩትም» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በገበያ ቀን ለምቆምባት ቦታ እከፍላለሁ። ወረቀት ይሰጡኛል። ያ ገንዘብ የት ያድራል?»

አዳራሹ ዝም አለ። ባለሙያው ጥሩ አድርጎ መለሰላት፤ የመንግሥት ገቢ የሚባለውንና የማዘጋጃ ቤት ገቢ የሚባለውን ለይቶ፣ ሁለተኛው ለከተማው አገልግሎት እንደሚውል አስረዳት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «እሺ፣ ተባረክ። ለሚ የሚያድር ከሆነ ደግ ነው። ጎርፍ መደቤን ሲወስደው አለቃውን በጧት ሄጄ እጠይቀዋለሁ፣ ደጁ ቅርብ ነው። ሌላ ቦታ የሚያድር ከሆነ ግን በየትኛው እግሬ ሄጄ ነው የምጠይቀው?» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች። አለቃዬ መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ፤ ረጅም ጊዜ ወለወሉት።

መጨረሻ ላይ የተነሳው የከተማው ዳር ገበሬ ነው። ማሳው የመጨረሻዎቹን ቤቶች ይነካል፤ ከተማዋ ወደ እሱ እየሰፋች ነው። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ «እኔ በዛሬዋ ቀን የገበሬ ማኅበር ሰው ነኝ» አለ። «ነገ ፕላን ይወጣና የከተማ መሬት ትሆናለህ ይሉኛል። ያቺን ማታ፣ ከገበሬነት ወጥቼ ከተሜ ሳልሆን፣ የሚጠይቀኝ ማን ነው? እኔስ የምጠይቀው ማንን ነው?» ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ ጻፊው፣ እንደነገርኩሽ ጻፊው» አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገሬ ሰው፤ ያ ገበሬ አጥሩ ሳይነቀነቅ በፊት ነው ቀድሞ የተናገረው።

ማታውን ቃለ ጉባኤውን በማሾ ብርሃን ቤቴ ገለበጥኩት። የቢሮ አጻጻፍ ተምሬ ነበር፤ «ከተሳታፊዎች ከገቢ አሰባሰብና አጠቃቀም ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች ተነስተዋል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። አለቃዬ የሚጠብቁትም እንዲህ ዓይነቱን ነበር። ብዕሩን ይዤ ቁጭ አልኩና አልሆነልኝም። እማማ «የት ያድራል» ነው ያለችው፤ ገበሬው «ያቺን ማታ» ነው ያለው። በእነዚህ ቃላት ውስጥ የሰዎቹ ዕድሜ፣ ጉልበታቸው፣ ፍርሃታቸው አለ፤ ወደ ላይ የሚሄደው ወረቀት ይህን ካልያዘ ለሚ ሄዳ የተናገረች አይሆንም። እንዳሉት ጻፍኩት። ጧት አለቃዬ ቆመው አነበቡት፣ ተቀምጠው ደገሙት፣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱ። «ይሂድ» አሉ። በታይፕ ስገለብጠው «ሸ» እንደ ወትሮዋ ከመስመር ወጥታ ነበር፤ ማንም ግድ አልሰጠውም።

አዋጁ በ1996 ወጣ። የታተመበት ዝክረ ሕግ ለሚ ሲደርስ ገበያ ስለነበረ ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ ሳንቲም እየተቆጠረ ነው ያነበብኩት። የእኛን ቃል ፈለግሁ፤ እንዲያው ልጅነት ነው፣ አዋጅ በእማማ አፍ አይጻፍም። ከሌላው ሁሉ ከተማ የሄደው አስተያየት እዚያ ውስጥ ተፈጭቶ ገብቶ ይሆናል፤ የእኛ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ ማየት አይቻልም። ደረጃዎቹ ነበሩ፣ ተጠሪነቱ ነበር፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራና ገቢ ተለይቶ ነበር። አለቃዬ ቀዩን እርሳስ አንስተው በገቢው አንቀጽ ሥር አሰመሩና እማማን አስጠሯት፤ ጮክ ብለው አነበቡላት። እሷ የሰማችው ሕጉን ሳይሆን የእሷን ጥያቄ መልስ ነበር፤ ራሷን ነቀነቀች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ወደ ጠላዋ እየቸኮለች ወጣች። ያ ቅጽበት ለእኔ የመንግሥት ሥራ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየቢሮው ስኖር የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እንሳሮ ለብቻው ወረዳ ሆነና ለሚ መቀመጫው ሆነች፤ ሰው ደነባ መመላለሱን ተወ። እኔ በዚያን ጊዜ አግብቼ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። በ2004 የሊዝ አዋጁ ሲወጣ፣ ቁጥር 721፣ የከተማ ቦታ ሁሉ በአንድ የፌዴራል ሕግ ሥር ገባ፤ ነባር ይዞታም ከውርስ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ወደ ሊዝ ይገባል ተባለ። ክርክሩ የጦፈው ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ነበር፤ በየከተማው ሰው አዳራሽ እየተጠራ ማብራሪያ ተሰጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። እኔ በአዲስ አበባ ከእነዚህ ስብሰባዎች አንዱ ላይ ተቀምጬ የሰዎችን ፊት አየሁ፤ «እኛን?» የሚል ፊት አልነበረም። ያለቀ ነገር የሚነገረው ሰው ፊት ሌላ ነው፤ ይዘጋል። ስለ ሕጉ ይዘት ብዙ ሊባል ይችላል፤ መሬት በደላላ እጅ እየገባ ነበር፣ ሥርዓት ያስፈልግ ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ከመጽደቁ በፊት የተጠየቀ ሰውና ከጸደቀ በኋላ የተነገረው ሰው ያንኑ ሕግ በአንድ ልብ አይቀበሉትም። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም።

ዛሬ ለሚ ስትባል ሰው የሚያውቀው በሲሚንቶ ነው። በ2017 መስከረም የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ፣ የኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና የቻይናው ዌስት ቻይና ሲሚንቶ የጋራ ሥራ፣ 600 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ፋብሪካ ነው። በቴሌቪዥን ሳየው ደስ ብሎኛል፤ ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ አረብ አገር መሄዳቸው ቢቀር ደስ ይለኛል። ጎን ለጎን ደግሞ የዳር ገበሬው ዱላ ዓይኔ ላይ ይመጣል። ከተማ እንዲህ ሲሰፋ የሚነካው ያንን ማሳ ነው። ስለ ካሳ በ1997 አዋጅ ቁጥር 455 ወጥቷል፣ በ2011 ደግሞ 1161 ተክቶታል፤ ካሳ ግን የሚተመነው መሬቱ ሊወሰድ ከተወሰነ በኋላ ነው። እሱ የጠየቀው ከዚያ በፊት ስላለችው ማታ ነበር።

የእህቴ ልጅ አሁን እዚያው ለሚ ከተማ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ እንደ እኔ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፣ በኮምፒዩተር ነው እንጂ። መንገዱ እንደ ልብ ስለማያስኬድ የምንገናኘው በስልክ ነው። በቅርቡ ደውላ ስለ ከተማው ፕላን ነዋሪ ሊወያይ እንደሆነ፣ አስተያየቱን እሷ እንደምታጠናቅር ነገረችኝ። «እትዬ፣ ቅጹ ላይ የተነሱ ዋና ዋና ሐሳቦች ነው የሚለው፤ በአጭሩ ላድርገው?» አለችኝ።

«ቅጹን ሙዪው፣ ከእሱ ሌላ ሰዎቹ እንዳሉት ጽፈሽ አባሪ አድርጊው» አልኳት። «ማን እንዳለውም ጻፊ። አለቃሽን አስፈርሚው፣ አንድ ቅጂ መዝገብ ቤት አስቀሪ።»

ከዚያ ስለ ዳር ገበሬው አጫወትኳት። ሰውዬው አርፏል፤ ማሳው ላይ አሁን ልጁ ነው ያለው። በስብሰባው ልጁን እንድትጠራው፣ የአባቱንም ጥያቄ ከ1995ቱ ቃለ ጉባኤ አውጥታ እንድታነብለት፣ ዛሬም የሚጠይቀው ያንኑ ከሆነ በራሱ ስም እንድትመዘግበው ነገርኳት። መዝገቡ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ጠየቀችኝ። ከሒሳብ ክፍሉ ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ሥር ያለው የእንጨት ቁም ሣጥን፣ ከላይ ሁለተኛው መደርደሪያ፣ የ1995 ገቢ ደብዳቤዎች ከሚለው ፋይል ቀጥሎ። ነገ ቁልፉን ከመዝገብ ቤቱ እወስዳለሁ አለችኝ።